የጆንያው ቁጥርና የመሬቱ ጥያቄ
ስለ አዲስ ቅዳም ቀይ አፈርና ስለ ማዳበሪያ አመራረጥ



ስለ ማዳበሪያ ለመጻፍ ስነሣ ከመካከላችን ብዙዎቹ «ይህስ ለእርሻ ተማሪዎች የሚተው ነገር ነው» ብለው ገጹን ሊገልጡት እንደሚችሉ አላጣሁትም። ነገር ግን የምንማረው ሕግም ይሁን ታሪክ፣ ሒሳብም ይሁን ሕክምና፣ በክረምት ዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ ዘመዶቻችን እንደ አዋቂ ቆጥረው የሚያቀርቡልን አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ልጄ፣ ዘንድሮ የትኛውን ማዳበሪያ ልግዛ? ስንትስ ልጨምር?» የሚለው ነው። እኔ ለዚህ ጥያቄ አንድ ጊዜ ሳላውቅ መልስ ሰጥቼ አጎቴን አክስሬአለሁ። ይህንንም የምጽፈው ያው ስሕተት በሌላ ጓደኛዬ እንዳይደገም በማሰብ ነው።

አጎቴ የሚያርሱት በአዲስ ቅዳም አጠገብ ነው። አዲስ ቅዳም በአዊ ዞን የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው ጎዳና ላይ ትገኛለች። አገሩን ያየ ሁሉ ልምላሜውን ያደንቃል። ዝናቡ አይጎድልም፤ አፈሩ ጥልቅና ቀይ ነው፤ ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴና ድንች ይዘራበታል። ታዲያ እንዲህ ያለ አገር እህል እንዴት ይነሣዋል ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይፈረድበትም። እኔም በአገሩ ተወልጄ ሳለሁ ይህንኑ ስጠይቅ ነበር።

የአንደኛ ዓመት ትምህርቴን ጨርሼ በተመለስኩበት ክረምት፣ የአጎቴ ገብስ አጭርና ቢጫ ሆኖ አገኘሁት። ቢጫ ቅጠል የናይትሮጅን ማነስ ምልክት እንደሆነ በክፍል ውስጥ ሰምቼ ስለነበር፣ ሳላመነታ «ጋሼ፣ ይህ ዩሪያ አንሶት ነው፤ አንድ ኩንታል ይጨምሩበት» አልኳቸው። እሳቸውም የተማረ ሰው ቃል ነው ብለው በዱቤ ገዙና ጨመሩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ገብሱ ግን እንደ ቀድሞው አጥሮ ቀረ። ዕዳው የተከፈለው በግ ተሸጦ ነው። አጎቴ አንድም ቀን አልወቀሱኝም፤ አለመውቀሳቸው ግን ከወቀሳ ይልቅ ከበደኝ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን ከሥሩ ለማጥናት የተነሣሁት።

ሀ/ ተክል ምን ይመገባል?

ተክል ከአካሉ የሚበዛውን ክፍል የሚሠራው ከአየርና ከውሃ ነው፤ ካርቦን፣ ሃይድሮጅንና ኦክሲጅንን ከእነዚህ ያገኛል። የቀረውን ምግቡን ግን በሥሩ አማካይነት ከአፈር መሳብ አለበት። ከእነዚህም መካከል በብዛት የሚፈልጋቸው ሦስቱ የታወቁ ናቸው። ናይትሮጅን ቅጠሉን ያለመልማል፤ በፍሬው ውስጥ ያለውን ፕሮቲንም ይሠራል። ፎስፎረስ ሥርን ያጠነክራል፤ ኃይልን ከአንዱ የተክል ክፍል ወደ ሌላው ያዘዋውራል፤ ዘር እንዲያዝ ይረዳል። ፖታሲየም ደግሞ የተክሉን ውሃ ይቆጣጠራል፤ አገዳን ያጠነክራል፤ በድንች ውስጥ በተለይ ከቅጠል ወደ ድንቹ የሚወርደውን ምግብ ያመላልሳል። ከእነዚህ ቀጥለው ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ድኝ ይመጣሉ። እንደ ብረት፣ ዚንክ፣ መዳብ፣ ማንጋኒዝ፣ ቦሮንና ሞሊብዲነም ያሉት ደግሞ በጣም በጥቂቱ የሚያስፈልጉ ናቸው፤ ቢሆንም ከመካከላቸው አንዱ ፈጽሞ ቢጠፋ ተክሉ ሊኖር አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ1840 ዓ.ም. መጽሐፉን ያሳተመው የጀርመን ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ፣ ካርል ሽፕሬንገል የተባለው የአገሩ ሰው አስቀድሞ የደረሰበትን አንድ ሕግ በዓለም ላይ አሳወቀ። ሕጉም የምርት መጠን የሚወሰነው በተትረፈረፈው ምግብ ሳይሆን ከሁሉ ይልቅ በጎደለው ነው የሚል ነው። ይህን ለእኛ አገር ሰው ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። ሁለት በሬዎች በአንድ ቀንበር ተጠምደው አንዱ ብርቱ፣ ሌላው ደካማ ቢሆን እርሻው የሚሄደው በደካማው እርምጃ ነው። ለብርቱው በሬ ድርቆሽ ብንጨምርለት ደካማው አይፈጥንም። እኔ አጎቴን ያስደረግኋቸው ይህንኑ ነበር፤ ደካማው የትኛው እንደሆነ ሳልጠይቅ ለብርቱው ድርቆሽ ገዛሁለት።

ለ/ በጆንያው ላይ የተጻፈው ቁጥር

ማንኛውም የማዳበሪያ ጆንያ በቁጥር ይናገራል። የመጀመሪያው ቁጥር ከመቶ ስንቱ እጅ ናይትሮጅን እንደሆነ፣ ሁለተኛው ፎስፌትን፣ ሦስተኛው ፖታሽን ያመለክታል። ዩሪያ 46-0-0 ነው፤ ማለት በአንድ ኩንታል ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ፤ ሌላ ምንም የለም። ዳፕ 18-46-0 ነው። ኤን.ፒ.ኤስ. የሚባለው ደግሞ 19 ናይትሮጅን፣ 38 ፎስፌትና 7 ድኝ ይዟል። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ። ፎስፌትና ፖታሽ የሚቆጠሩት ከኦክሲጅን ጋር እንደተዋሐዱ ስለሆነ፣ ንጹሑን ፎስፎረስ ለማግኘት የፎስፌቱን ቁጥር በ0.44፣ ንጹሑን ፖታሲየም ለማግኘት የፖታሹን ቁጥር በ0.83 ማባዛት ያስፈልጋል። ስለዚህ በአንድ ኩንታል ዳፕ ውስጥ ያለው ንጹሕ ፎስፎረስ 20 ኪሎ ያህል ብቻ ነው።

በአገራችን ማዳበሪያ በስፋት ለገበሬው መቅረብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። በአርሲ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1967 ሲሆን፣ በዚያው ዘመን በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ርዳታ በልዩ ልዩ ክፍላተ ሀገር የማዳበሪያ ሙከራ ይካሄድ ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ለገበሬው የሚሰጠው ምክር አንድ ዓይነት ነበር፤ ለአንድ ሔክታር አንድ ኩንታል ዳፕና አንድ ኩንታል ዩሪያ። ሒሳቡን ብንሠራው 64 ኪሎ ናይትሮጅንና 46 ኪሎ ፎስፌት ይሆናል። ይህ ምክር ለማስታወስና ለማከፋፈል የሚመች ነበር፤ ብዙ ቦታም ጠቅሟል። ነገር ግን የቢሾፍቱን ጥቁር አፈርና የአዲስ ቅዳምን ቀይ አፈር በአንድ ማንኪያ የሚያጎርስ ምክር መሆኑ አልቀረም።

እ.ኤ.አ. በ2012 የኢትዮጵያ የአፈር መረጃ ሥርዓት ሥራውን ከጀመረ ወዲህ የየወረዳው አፈር ተመርምሮ በብዙ ቦታ ድኝም፣ ቦሮንም እንደሚጎድል ስለታወቀ፣ በዳፕ ፋንታ ኤን.ፒ.ኤስ.ና ቦሮን የተጨመረበት ዓይነቱ ለገበሬው ቀረቡ። ስለዚህ የጆንያው ስም እንደየዘመኑ ይለዋወጣል። ስሙን ከመያዝ ይልቅ ቁጥሩን ማንበብ የሚሻለው በዚህ ምክንያት ነው። ቁጥሩን ስናነብ ደግሞ ሁለት ነገሮች እናገኛለን። አንደኛ፣ በእነዚህ ጆንያዎች በአንዳቸውም ውስጥ ፖታሽ የለም። ሁለተኛ፣ በአንዳቸውም ላይ ቢሆን መሬቱ ራሱ ምግቡን ሊቀበል ይችል እንደሆነና እንዳልሆነ አልተጻፈም።

ይህ ሁለተኛው ነገር እንዲገባን ከእርሻ ወጣ ብለን አንድ አበባ እንመልከት። ኦርኪድ የሚባለው አበባ ብዙው ዓይነቱ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ዝናብና ነፋስ የሚያመጡለትን ጥቂት ምግብ እየለቀመ የሚኖር ነው። አበባውን በማሰሮ የሚያሳድጉ ሰዎች በአፈር ፋንታ የዛፍ ቅርፊት ያደርጉለታል፤ ማዳበሪያውንም በብዙ ውሃ አቅጥነው ይሰጡታል። ቅርፊቱ ሲበሰብስ የሚያበሰብሱት ረቂቃን ነፍሳት ናይትሮጅኑን ቀድመው ስለሚበሉት፣ በቅርፊት ላይ ለተተከለው ናይትሮጅኑ የበዛ ማዳበሪያ፣ ለምሳሌ 30-10-10 የሚባለውን፣ ሲመርጡ ኖረዋል። ያው አበባ በሌላ ነገር ላይ ቢተከል ግን ሦስቱም እኩል የሆኑበትን ይሰጡታል። አበባው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሥሩ የቆመበት ቦታ ነው። እንግዲህ ማዳበሪያ ስንመርጥ የምንጠይቀው «የምዘራው ምንድን ነው?» ብለን ብቻ ሳይሆን «ሥሩ የሚቆመው በምን ላይ ነው?» ብለንም መሆን አለበት።

ሐ/ ቀዩ አፈር ለምን ይኮመጥጣል?

የአዲስ ቅዳም ሰብል ሥሩ የሚቆመው በኮምጣጣ አፈር ላይ ነው። ምክንያቱም የምናደንቀው ዝናብ ራሱ ነው። ለብዙ ሺህ ዓመታት የወረደው ዝናብ ካልሲየሙን፣ ማግኒዚየሙንና ፖታሲየሙን እያጠበ ወደ ታች ሲያወርደው፣ በላይ የቀሩት በቀላሉ የማይታጠቡት ብረትና አሉሚኒየም ናቸው። የአፈሩ ቅላት የብረቱ ዝገት ነው። በዚህ ላይ በየዓመቱ እህሉም፣ ገለባውም ከእርሻው ተለቅሞ ሲወጣ ካልሲየሙና ፖታሲየሙ አብሮ ይወጣል።

የአፈር ኮምጣጣነት የሚለካው ፒ.ኤች. በሚባለው መለኪያ ነው። 7 ሲሆን ኮምጣጣም አልካላይም አይደለም፤ ከ7 እየወረደ ሲሄድ ኮምጣጣነቱ ይጨምራል። ልብ ማለት የሚገባን አንድ ቁጥር መውረድ ማለት አሥር እጥፍ መኮምጠጥ ማለት መሆኑን ነው፤ ፒ.ኤች. 5 የሆነ አፈር 6 ከሆነው አሥር ጊዜ ይበልጥ ኮምጣጣ ነው። ፒ.ኤች. ከ5.5 በታች ሲወርድ ሁለት ጉዳቶች ይከተላሉ።

አንደኛው ጉዳት በሥር ላይ ነው። በአፈሩ ውስጥ ታስሮ የነበረው አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ይመርዘዋል። ሥሩ ያጥራል፤ ይወፍራል፤ ቅርንጫፍ አያወጣም። እንዲህ ያለው ተክል ውሃ አጠገቡ እያለ ይጠማዋል፤ ምግብ አጠገቡ እያለ ይርበዋል። የአጎቴን ገብስ ያን ጊዜ ነቅዬ ሥሩን ብመለከተው ኖሮ ቅጠሉ ያልነገረኝን ይነግረኝ ነበር።

ሁለተኛው ጉዳት በምግቡ ላይ ነው። የሟሟው አሉሚኒየምና ብረት በማዳበሪያው ውስጥ ያለውን ፎስፎረስ ይዘው ያስሩታል። ገበሬው ተበድሮ የገዛውን ፎስፎረስ መሬቱ ተቀብሎ ይደብቀዋል፤ ለተክሉ የሚደርሰው ትንሹ ነው።

ታዲያ ዩሪያ ቢጨመርስ? ዩሪያ በአፈር ውስጥ በረቂቃን ነፍሳት አማካይነት ወደ ናይትሬት ሲለወጥ ራሱ ኮምጣጤ ይፈጥራል። በተለምዶ በሚሠራበት ሒሳብ፣ ከዩሪያ ለሚገኝ ለእያንዳንዱ ኪሎ ናይትሮጅን የሚፈጠረውን ኮምጣጤ ለማብረድ 1.8 ኪሎ ያህል ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ያስፈልጋል። በአንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ስላለ፣ 46 በ1.8 ሲባዛ 83 ኪሎ ይሆናል። እንግዲህ በየዓመቱ አንድ ኩንታል ዩሪያ ያለ ኖራ ለአሥር ዓመት ቢጨመር፣ መሬቱ የስምንት ኩንታል ኖራ ዕዳ ይገባበታል ማለት ነው። ዕዳው በወረቀት ላይ ስላልተጻፈ ማንም አይጠይቅም፤ መሬቱ ግን አይረሳውም። ይህን ስል ዩሪያ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ናይትሮጅን ለጎደለው ጤናማ መሬት መድኃኒት ነው። በሽታው ሌላ ሲሆን ግን መድኃኒቱ ሕመሙን ያብሳል።

ይህ የአንድ ወረዳ ነገር ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት ወደ 43 ከመቶ የሚሆነው በኮምጣጣነት የተነካ መሆኑ ይነገራል። በጎጃም ደጋ፣ በወለጋ፣ በጅማና በሲዳማ ብዙ ገበሬ የሚታገለው ከዚሁ ጋር ነው። በአገራችን ገብስ አልሆን ያለው ገበሬ ኮምጣጣውን የሚችለውን እንግዶ ይዘራል፤ ወይም መሬቱን ለዛፍ ይሰጣል።

መ/ ኖራ በር ይከፍታል

የኮምጣጣ አፈር መድኃኒት በደንብ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። ይህም ለቤት ልስን ከሚሆነው ከተቃጠለው ኖራ የተለየ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል፤ የተቃጠለው ቆዳና ዓይን ይጎዳል። ለእርሻ የሚሆነው የኖራ ድንጋይ በጎጃም ሩቅ አይደለም፤ ደጀን ላይ ይፈጫል።

መጠኑ በግምት የሚሰጥ አይደለም። የአገራችን የአፈር ተመራማሪዎች የሚሠሩበትን ስሌት በምሳሌ ላሳይ። የአንድ ሔክታር አፈር በ15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ሲመዘን 1,650,000 ኪሎ ያህል ይሆናል። በምርመራ የተገኘው የኮምጣጤ መጠን (ማለት በአፈሩ ላይ የተጣበቀው አሉሚኒየምና ሃይድሮጅን) ለምሳሌ 2 ቢሆን፣ ይህን ክብደት በ2 አባዝተን ለ2000 ስናካፍል 1,650 ኪሎ ኖራ ይመጣል። ኖራው በእርሻ ላይ እንደ ላቦራቶሪው አስተካክሎ ስለማይዋሐድ በ1.5 ይባዛል፤ ውጤቱ 2,475 ኪሎ፣ ወይም በጠቅላላ አነጋገር 25 ኩንታል ነው። በእኛ አገር አራት ቃዳ አንድ ሔክታር ስለሆነ፣ ለአንድ ቃዳ ስድስት ኩንታል ከሩብ ይደርሰዋል።

እዚህ ላይ ችግሩ ይታያል። አንድ ኩንታል ማዳበሪያ በአንድ ፈረስ ሁለት ምልልስ ይገባል። 25 ኩንታል ኖራ ግን በአንድ ምልልስ 50 ኪሎ ቢጫን 50 ጭነት ነው። ኖራው ራሱ ርካሽ ሆኖ ሳለ ገበሬው ቤት ሲደርስ የሚከብደው በመንገዱ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሁሉን መሬት በአንድ ዓመት ለማከም ከመድከም ይልቅ፣ በየዓመቱ አንድ ቃዳ ማከም የሚቻል ሥራ ነው። በደንብ የተደረገ ኖራ ለአንድ ዓመት ብቻ ሳይሆን ለጥቂት ዓመታት ያገለግላል። ሌላውም መንገድ ጥቂቱን ኖራ በዘር መስመሩ ውስጥ ብቻ ማድረግ ነው፤ ይህ መጠኑን በጣም ይቀንሳል፤ ነገር ግን በየጊዜው መደገም አለበት።

አጠቃቀሙም ሥርዓት አለው። ኖራው ከመዝራት አንድ ወይም ሁለት ወር አስቀድሞ ነፋስ በሌለበት ቀን እኩል ተበትኖ፣ ከአፈሩ ጋር በእርሻ መቀላቀል ይገባዋል። ከላይ ብቻ ቢነሰነስ ሥሩ ወዳለበት አይወርድም። ከዩሪያ ወይም ከዳፕ ጋር በአንድ ቀን ቀላቅሎ መበተን ናይትሮጅኑ አሞንያ ሆኖ ወደ አየር እንዲበን ያደርጋል። ከልክ በላይ ሲበዛም ዚንክንና ቦሮንን ያስራል፤ በድንች ላይ ደግሞ የልጣጭ እከክ የሚባለውን በሽታ ያበዛል። ስለዚህ ለኖራም ሚዛን አለው።

ከሁሉ በላይ መዘንጋት የሌለበት፣ ኖራ በር ይከፍታል እንጂ ሥንቅ አይሆንም። ካልሲየም ከመስጠቱ በቀር ናይትሮጅንም፣ ፎስፎረስም አያመጣም። ኖራ ብቻ የተደረገለት መሬት በታሰረው ምግብ ለጊዜው ቢሻሻልም፣ ኋላ ይርበዋል። ማዳበሪያ ብቻ የተደረገለት ደግሞ መብላት ያልቻለ በሽተኛ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው ሚዛኑ የሚገኘው። ፍግና ብስባሽ ከእነዚህ ጋር ቢጨመሩ፣ ምግብም ይሰጣሉ፤ አሉሚኒየሙንም በከፊል ይይዙታል።

ሠ/ የከሰሉ ቦታ የሚነግረን

በፋግታ ለኮማ ባለፉት ሃያ ዓመታት ገደማ በጣም የተስፋፋው ዛፍ ዲከረንስ ነው። ትውልዱ አውስትራሊያ ነው። ገበሬው ችግኙን ተክሎ በመጀመሪያው ዓመት በመካከሉ ጤፍ ይዘራል፤ ቀጥሎ ሣሩን ያጭዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስላል፤ ከዚያም መሬቱን አርሶ እንደገና ይጀምራል። ከሰሉ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ይሸጣል። ዛፉ በሥሩ ላይ ከሚኖሩት ረቂቃን ነፍሳት ጋር ሆኖ ናይትሮጅንን ከአየር ስለሚይዝ፣ መሬቱን በዚህ በኩል ይረዳዋል።

አሁን አንድ ነገር እናስተውል። ከሰል በተከሰለበት ክብ ቦታ ላይ ኋላ ጤፍ ሲዘራ፣ ያ ክብ ከሌላው ይልቅ ጠቁሮና ለምልሞ ከሩቅ ይለያል። ገበሬው ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔም በልጅነቴ በዚያ ክብ ውስጥ ስሮጥ ተቆጥተውኛል። ምክንያቱ አመዱ ነው። እንጨት ሲቃጠል ናይትሮጅኑ በጢሱ ይሄዳል፤ ካልሲየሙ፣ ማግኒዚየሙ፣ ፖታሲየሙና ጥቂቱ ፎስፎረስ ግን በአመዱ ውስጥ ይቀራሉ። ስለዚህ አመድ ትንሽ ኖራ፣ ትንሽ ፖታሽም ነው። ማንም ሳያስተምረን መሬቱ ራሱ በዚያ ክብ ውስጥ ሙከራ ሠርቶ መልሱን አሳይቶናል። የጎደለው ዩሪያ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ናይትሮጅን የሌለው አመድ ያን ያህል ባላለመለመው ነበር።

ታዲያ አመዱ በአንድ ክብ ውስጥ ተከምሮ ከሚቀር፣ ሰብስቦ በእርሻው ላይ መበተን ይገባል። የምድጃ አመድም እንደዚሁ ነው። ቢሆንም አመድ ለሁሉ መሬት አይበቃም፤ ዛፉም ተቆርጦ በሄደ ቁጥር በእንጨቱ ውስጥ ያለው ካልሲየምና ፖታሲየም አብሮ ይሄዳል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በአዊ ዲከረንስ ላይ የዝገት በሽታ ወርዶ ብዙ ገበሬ አስደንግጧል። ኑሮን ሁሉ በአንድ ዛፍ ላይ መጣል የሚያስፈራው በዚህ ነው። ዛፉ ቢታመም ገበሬው የሚመለሰው ወደ እህሉ ነው፤ ያን ጊዜ የሚጠብቀው መሬት ከታከመ ይቀበለዋል።

ረ/ ድንች ሌላ ሚዛን ይፈልጋል

በአንድ መሬት ላይ እንኳ ለሁሉ ሰብል አንድ ሚዛን አይሆንም። ከእርሻ በወጣ 100 ኩንታል ድንች ውስጥ ወደ 32 ኪሎ ናይትሮጅን፣ ወደ 6 ኪሎ ፎስፎረስና ወደ 42 ኪሎ ፖታሲየም ይገኛል። ከሁሉ የሚበልጠው ፖታሲየሙ ነው። ገበሬው በየዓመቱ ዳፕና ዩሪያ ቢጨምር ስለዚህ ፖታሲየም የሚመልሰው ዜሮ ነው። ጤፍ ግን ከሚወስደው ፖታሲየም ብዙውን በጭዱ ውስጥ ስለሚያኖረው፣ ጭዱን የበሉት ከብቶች ፍግ ወደ መሬቱ ከተመለሰ ኪሳራው ይቀንሳል። ፍጉ ኩበት ሆኖ ከተቃጠለም አመዱ ይመለስ።

ይህን ያነበበ ጓደኛ ወዲያው ተነሥቶ «ፖታሽ ግዙ» እንዳይል እለምናለሁ፤ እኔ ስለ ዩሪያ እንዳልኩት ይሆንበታልና። በአንዳንዱ መሬት ፖታሲየሙ ገና አላለቀም። ቁጥሩ የሚነግረን የት መመርመር እንዳለብን ነው፤ መግዛት አለመግዛቱን የሚወስነው የአፈሩ ምርመራ ነው።

ሰ/ በዚህ ዕረፍት ምን እንሥራ?

አንደኛ፣ የአፈር ናሙና እንውሰድ። በእርሻው ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተመላለስን ከ15 እስከ 20 ከሚሆኑ ቦታዎች በ20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ጥቂት ጥቂት አፈር እንቆፍር። የከሰል ቦታ፣ የፍግ ክምር፣ የከብት በረት የነበረበት፣ የአጥር ጥግና መንገድ ይተዉ፤ እነዚህ ያሳስታሉ። ሁሉን ማዳበሪያ ባልነካው ንጹሕ ባልዲ ውስጥ ቀላቅለን አንድ ኪሎ ያህል እንያዝ፤ በጥላ እናድርቀው፤ የባለ መሬቱን ስምና የቦታውን ስም እንጻፍበት። ናሙናው በቀበሌው የእርሻ ልማት ሠራተኛ በኩል ወይም በቀጥታ ወደ ባሕር ዳር የአፈር ምርመራ ላቦራቶሪ ሊደርስ ይችላል። የምንጠይቀውም ፒ.ኤች.ን፣ የኮምጣጤውን መጠን፣ ፎስፎረስን፣ ፖታሲየምንና የብስባሹን መጠን ነው።

ሁለተኛ፣ ላቦራቶሪ ለማይደርስለት ሰው መሬቱን ራሱን መጠየቅ ይቻላል። አምስት ሜትር በአምስት ሜትር የሆኑ አራት መደቦች ይለኩ። አንደኛው ምንም አይደረግለት፤ ሁለተኛው ኖራ ብቻ (ከላይ ባሳየሁት ምሳሌ መጠን 6 ኪሎ ከሩብ)፤ ሦስተኛው ማዳበሪያ ብቻ (በሔክታር አንድ ኩንታል በሚለው ሒሳብ 250 ግራም)፤ አራተኛው ሁለቱም ይደረግለት። ዘሩ፣ ቀኑና አረሙ አንድ ይሁን። ሲታጨድ የየአንዳንዱ ለየብቻ ይወቃና ይመዘን። አራተኛው ከሦስተኛው በብዙ ከበለጠ መሬቱ ኮምጣጣ መሆኑን ተናገረ ማለት ነው። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ኖራ አያስፈልገውም፤ የጭነቱ ድካም ተረፈ።

እኔ ይህን ሙከራ በአጎቴ መሬት ላይ እንድሠራ ስጠይቃቸው፣ ከዚያ በፊት ያደረስኩባቸውን እያስታወስኩ አንገቴን ደፍቼ ነበር። እሳቸው ግን «መሬቱ አይሸሽ፤ ሞክር» ብለው ፈቀዱልኝ። በመኸር ወቅት አራቱ መደቦች ጎን ለጎን ቆመው ሲታዩ፣ ማዳበሪያ ብቻ የገባበት ምንም ካልተደረገለት እምብዛም አልራቀም፤ ኖራና ማዳበሪያ የተጣመሩበት ግን የአጎቴን ወገብ ደረሰ። ቁመው ተመለከቱትና «ለካ መሬቱ የራበው ብቻ አይደለም፤ ታሞ ነበር» አሉ። በተከታዩ ዓመት ዱቤ አልተበደሩም፤ ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር ተባብረው ለየአንድ ቃዳቸው ኖራ አስጫኑ።

ጓደኞቼ ሆይ! ከገበሬ ወገን የተወለድን ብዙዎች ነን። አገር ቤት ስንገባ የሚሰጠን ክብር በእውቀታችን ላይ የተሰጠ ብድር ነው፤ «ይጨምሩበት» ከማለታችን በፊት «እስቲ እንመርምረው» ማለት ብድሩን መመለሻው መንገድ ነው። በሚቀጥለው ዕረፍት ከእያንዳንዳችን ሻንጣ ውስጥ አንድ ንጹሕ ፌስታልና አንድ እርሳስ አይታጣ። ሙከራውን የሠራ ጓደኛ የአራቱን መደቦች ሚዛን ለመጽሔታችን አዘጋጆች ቢልክ፣ የየአገሩን ውጤት ጎን ለጎን አስቀምጠን አብረን ልንማርበት እንችላለን።